«ጦርነቱን ካሳጠረው ምኑ ላይ ነው ነውሩ?» ለሚለው ጥያቄ

ጥያቄህን ሁለት ሶስቴ ነው ያነበብኩት ወንድሜ። ባጭሩ ያልከው ይሄ ነው፤ ጦርነቱን የጀመረው ጠላት ከሆነ፣ ከተማውን በቦምብ መደብደብ ጦርነቱን ቶሎ የሚጨርሰው ከሆነና ባጠቃላይ የሚሞተውን ሰው የሚቀንስ ከሆነ ምኑ ላይ ነው ነውሩ? ዋና ምሳሌህም አሜሪካኖች የጃፓኗ ሂሮሺማ ላይ የጣሉት የአቶሚክ ቦምብ ነው። ደሞስ ሆን ብሎ ሲቪል መግደልና ሲቪል እንደሚሞት እያወቁ ወታደራዊ ኢላማ መምታት ለሟቹ ምን ለውጥ አለው? መጨረሻ ላይ ደሞ ታዞ ቦምቡን የለቀቀው ፓይለትስ ይጠየቃል ወይ ብለሃል። እኔ የጦርነት ሕግ ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆኖኛል፣ ተማሪዎቼም በብዛት መኮንኖች ናቸው፣ ይሄ ጥያቄ በየዓመቱ ይነሳል፣ የሚያነሱትም ክፉ ሰዎች አይደሉም። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።

አቋሜን አስቀድሜ ልንገርህ። ሲቪሎችን ራሳቸውን ኢላማ ማድረግ ስህተት ነው፣ ጦርነቱን ማንም ይጀምረው፣ ያሳጥረውም አያሳጥረውም። ግን ደሞ «ሆን ብለን አይደለም» ማለት ብቻውን ማንንም ነፃ አያወጣም። ከባዱ ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ነው፣ አብዛኛው ሰው አንዱን ሲይዝ ሌላው ያመልጠዋል።

ከሁለተኛው ጥያቄህ ልነሳ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ እሱ ላይ ነው የቆመው። ለሟቹ ለውጥ የለውም ያልከው እውነት ነው፣ እናትየዋንም ልጅሽ የሞተው በስህተት ነው ብትላት አትፅናናም። ግን እኛ እየጠየቅን ያለነው ሟቹ ላይ ምን ደረሰ ብቻ ሳይሆን ገዳዩ ምን እያደረገ ነበር ብለንም ነው። ክፍል ውስጥ የምጠቀምበት አንድ መፈተኛ አለ፣ የኔ ፈጠራ አይደለም ፈላስፎች ሲጠቀሙበት የኖሩት ነው። ከጥቃቱ በፊት ባለው ሌሊት ሲቪሉ ሁሉ አንድ ሰው ሳይቀር ከተማውን ለቆ ወጣ እንበል፣ ጠዋት ላይ ይሄን የሰማው አዛዥ እፎይ ይላል ወይስ እቅዱ ይበላሽበታል? የጥይት ፋብሪካ ሊመታ የተነሳ ሰው እፎይ ነው የሚለው፣ ፋብሪካው እንደሆነ እዛው ቆሟል። ሕዝቡን አሸብሮ መንግስትን ሊያንበረክክ የተነሳ ሰው ግን ባዶ ከተማ ምንም አያደርግለትም፣ ለሱ የሰዎቹ ሞት ራሱ ነው መሳሪያው። አንደኛው ላይ የሰዎቹ ሞት ጉዳት ነው፣ ሁለተኛው ላይ ጥቅም ነው፣ የሰው ልጅን ሞት እንደ ጥቅም የሚቆጥር እቅድ ደሞ በየትኛውም ሒሳብ ልቀበለው አልችልም።

እስቲ በዚህ መፈተኛ ታሪኩን እንየው። ኤፕሪል 26 ቀን 1937 ሰኞ ከሰዓት በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት የጀርመንና የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ጌርኒካ የምትባለውን ከተማ ደበደቧት። ሰኞ የከተማዋ የገበያ ቀን ነው። በኋላ ኢላማችን ከከተማው ጫፍ ያለው ድልድይ ነበር ተባለ። ድልድዩ ግን ሳይነካ ቀረ፣ የጦር መሳሪያ ፋብሪካዎቹም ተረፉ፣ የተቃጠለው የከተማው መሃል ነው። አንድን ድልድይ ለመምታት ደሞ ተቀጣጣይ ቦምብ ምን ይሰራል፣ ድንጋይና ብረት በእሳት አይፈርስም።

ይሄ የፋሺስቶቹ ስራ ነው ትለኝ ይሆናል፣ አዎ ነው። ግን ትክክለኛውን ጦርነት የተዋጉትም ሰዎች ያው መንገድ ላይ ገብተዋል፣ እኔንም ብዙ ያስጨነቀኝ እሱ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች ጀርመንን ሲደበድቡ መጀመሪያ ላይ ወታደራዊ ኢላማ ብቻ ነው የምንመታው ብለው ነበር፣ የምራቸውንም ነበር። 1941 ላይ ከአየር የተነሱ ፎቶዎች ሲመረመሩ ግን ኢላማችንን መታን ብለው ከተመለሱት አውሮፕላኖች ከሶስቱ አንዱ ብቻ ነው ኢላማው አምስት ማይል ድረስ የቀረበው። በጨለማ፣ በደመና፣ ከታች እየተተኮሰባቸው ፋብሪካ ማግኘት አልቻሉም። እዚህ ጋ ሁለት ምርጫ ነበራቸው፣ ወይ ሌላ ዘዴ መፈለግ ወይ ሊስቱት የማይችሉትን ነገር ኢላማ ማድረግ። የማይሳተው ነገር ከተማ ነው። ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1942 የወጣው መመሪያ ዘመቻው ከዚህ በኋላ በጠላት ሲቪል ሕዝብ ሞራል ላይ፣ በተለይም በፋብሪካ ሰራተኞች ሞራል ላይ እንዲያተኩር አዘዘ። በሚቀጥለው ወር የቸርችል የሳይንስ አማካሪ ሎርድ ቸርዌል አንድ ሒሳብ ሰርቶ አቀረበ፤ አንድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን በአገልግሎት ዘመኑ ወደ 40 ቶን ቦምብ ይጥላል፣ ይሄ ከ4,000 እስከ 8,000 ሰው ቤት አልባ ያደርጋል፣ ሰው ደሞ ቤቱ ሲፈርስበት ሞራሉ ይሰበራል የሚል። ልብ በል፣ ወረቀቱ የሚያወራው ስለ ቤት ነው። ቤቱ ውስጥ የተኛው ሰው የለም። እኔ ይሄን ወረቀት ለተማሪዎቼ የማነብላቸው ቸርዌል ጭራቅ ነበር ለማለት አይደለም፣ ቃላት ሲመረጡ ሰው ከእቅድ ውስጥ እንዴት እንደሚጠፋ ስለሚያሳይ ነው። የዛሬ ጦር ሰራዊትም የራሱ ቃላት አሉት፣ «ጎን ለጎን የደረሰ ጉዳት» ምናምን ይባላል።

ከዛ ሃምቡርግ መጣ፣ ጁላይ 1943። በ27 ለሊት የተነሳው እሳት ራሱ ማዕበል ፈጠረና አየሩን ስቦ መጠለያ ውስጥ የነበሩትን ሰዎች በሙቀትና በጭስ ጨረሳቸው፣ በዘመቻው በጠቅላላ ከ35,000 በላይ ሰው ሞተ። ከዛ ድሬስደን፣ ፌብሩዋሪ 1945፣ ጦርነቱ ሊያልቅ ሶስት ወር ሲቀረው፣ እስከ 25,000 ሰው። ከዛ አሜሪካኖች የደበደቧት ቶኪዮ፣ ማርች 9 ለሊት፣ በአንድ ሌሊት ወደ 100,000 ሰው፣ በአብዛኛው ከእንጨት የተሰሩ ቤቶች በተቀጣጣይ ቦምብ።

ሂሮሺማ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም የጥያቄህ ዋና ምሳሌ እሱ ነው። የታለመበት ነጥብ የት እንደነበር ታውቃለህ? አዮይ የሚባል ድልድይ ነው፣ ከላይ ሲታይ ባለ ሶስት መንገድ ሆኖ ጎልቶ ስለሚታይና የከተማው መሃል ላይ ስላለ ነው የተመረጠው። ከተማው ውስጥ የጦር ማዘዣ ነበር፣ ወደብም ነበር፣ ይሄ እውነት ነው። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ግን ዳር ላይ ነበሩ፣ አብዛኞቹም ብዙ ሳይጎዱ ተረፉ። ቦምቡ ድልድዩን በጥቂት መቶ ሜትሮች ስቶ ከአንድ የግል የቀዶ ሕክምና ሆስፒታል በላይ፣ ወደ 600 ሜትር ከፍታ ላይ ፈነዳ። ከሶስት ቀን በኋላ ፕሬዚዳንት ትሩማን በሬዲዮ ቦምቡ የተጣለው ሂሮሺማ የተባለ የጦር ሰፈር ላይ ነው አለ። አሁን መፈተኛውን አምጣው፣ ያን ዕለት ጠዋት ከተማው ባዶ ቢሆን ኖሮ እቅዱ ይሰራ ነበር? ጥቂት ይሰራ ይሆናል፣ ግን የተፈለገው ድንጋጤ የሚመጣው ከሰዎቹ ሞት ነው። እስከ 1945 መጨረሻ ድረስ ወደ 140,000 ሰው እንደሞተ ይገመታል።

«ግን እኮ ጦርነቱን አሳጠረው» ወደሚለው እንሂድ። መጀመሪያ ማስረጃው ራሱ ሰዎች እንደሚያስቡት ጠንካራ አይደለም። ለንደን ከሴፕቴምበር 1940 ጀምሮ ወራት ሙሉ ተደበደበች፣ እንግሊዝ ውስጥ ከ40,000 በላይ ሲቪል ሞተ፣ ሕዝቡ ግን እጅ እንስጥ አላለም። የሚገርመው እንግሊዞቹ ይሄን በራሳቸው ላይ አይተው ጀርመኖቹ ግን ይሰበራሉ ብለው ማሰባቸው ነው። ጀርመኖቹም አልተሰበሩም፣ አሜሪካኖች ራሳቸው ከጦርነቱ በኋላ ባደረጉት ትልቅ ጥናት ሕዝቡ ሞራሉ ቢወድቅም ስራውን አላቆመም፣ የጦር መሳሪያ ምርቱም እስከ 1944 አጋማሽ ድረስ እየጨመረ ነበር። ለምን መሰለህ፣ ቤቱ የፈረሰበት ሰው በፖሊስ አገዛዝ ስር ሆኖ መንግስት አይገለብጥም፣ ዳቦና ብርድ ልብስ ነው የሚፈልገው፣ ያንን የሚሰጠው ደሞ ያው መንግስት ነው። ፍትሃዊ ለመሆን ያህል የአየር ዘመቻው ምንም አልሰራም አልልም፣ የነዳጅ ማጣሪያዎቹና የባቡር መስመሮቹ 1944 ላይ ሲመቱ የጀርመን ጦር ሽባ ሆኗል። ግን እያቸው፣ እነሱ እኮ ወታደራዊ ኢላማዎች ናቸው።

የጃፓኑን ጉዳይ የታሪክ ሰዎች እስካሁን ይከራከሩበታል፣ ሶቭየት ህብረትም በዛው ሳምንት ጦርነት አውጃ ስለነበር አንዱን ምክንያት ከሌላው ነጥሎ ማውጣት ይከብዳል። እኔ ግን ክርክሩን ላንተ ልተውልህ፣ በርግጥም አሳጥሮታል እንበል። አሁንም አልስማማም። አንደኛ ያ ሒሳብ የሚያወዳድረው በእርግጠኝነት የሚሞቱ ሰዎችን ሊሞቱ ይችሉ ነበር ከተባሉ ሰዎች ጋር ነው፣ የመጀመሪያዎቹ አድራሻ አላቸው፣ ሁለተኛዎቹ ግምት ናቸው፣ ግምቱን የሚሰራው ደሞ ቦምቡ በእጁ ያለ ሰው ነው። ሁለተኛ ምርጫው ሁለት ብቻ ነው ተብሎ ይቀርባል፣ ወይ ወረራ ወይ ከተማ ማቃጠል፣ ድርድር፣ የባህር ከበባ፣ የእጅ መስጫ ቅድመ ሁኔታን ማላላት ሁሉ ከጠረጴዛው ላይ ይነሳል። ኤሊዛቤት አንስኮም የምትባል ፈላስፋ 1956 ላይ ኦክስፎርድ ለትሩማን የክብር ዲግሪ ሊሰጥ ሲል ብቻዋን ተነስታ ተቃውማለች፣ የምትለውም ንፁሃንን ለግብህ ማሳኪያ ብለህ መግደል ሁልጊዜም የነፍስ ግድያ ወንጀል ነው የሚል ነበር። ዲግሪው ተሰጠ፣ ድምጿን የደገፉት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። እንግሊዝ ፓርላማ ውስጥም ጦርነቱ እየተካሄደ ጳጳስ ጆርጅ ቤል ፌብሩዋሪ 1944 ላይ ከተሞች መደብደባቸውን ተቃውሟል፣ ቤል ደሞ ለናዚ የሚራራ ሰው አልነበረም፣ የናዚ ተቃዋሚዎች ወዳጅ ነው። ይሄን የምነግርህ «የዛኔ ማንም አያውቅም ነበር» የሚለው ሰበብ እንደማይሰራ እንድታይ ነው።

ከተቃራኒው ወገን ያለውን ጠንካራ ክርክር ልደብቅህ አልፈልግም። ማይክል ዋልዘር የሚባለው ፈላስፋ እንዲህ ይላል፤ ሽንፈቱ ተራ ሽንፈት ሳይሆን ናዚን የሚያህል ጥፋት ከሆነና ደጅ ላይ ከደረሰ፣ ሌላ መሳሪያም ከሌለህ፣ የተከለከለውን ልታደርግ ትችላለህ፣ ጥፋተኝነቱ ግን ካንተ አይነሳም። 1940 እና 41 ላይ ብቻዋን የቀረችው እንግሊዝ እዚህ ውስጥ ትገባለች ባይ ነው። አከብረዋለሁ ግን አልቀበለውም፣ ምክንያቱም በጦርነት ውስጥ ያለ መንግስት ሁሉ የኔ ሁኔታ የመጨረሻው ነው ብሎ ነው የሚያምነው። ብቀበለው እንኳ ሶቭየትና አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ ከገቡ በኋላ ምክንያቱ አብቅቷል፣ ድብደባው ግን ትልቅ የሆነው ከዛ በኋላ ነው። ቸርችል ራሱ ማርች 1945 ላይ በሌላ ሰበብ ተሸፍኖ ለማሸበር ብቻ የሚደረገው ድብደባ እንደገና ይታይ ብሎ ማስታወሻ ጽፏል፣ በኋላ ቃሉን አለዝቦ እንዲጽፈው ተደረገ እንጂ።

«እነሱ ናቸው የጀመሩት» ላልከው። መንግስት ጀመረ እንጂ የሶስት ዓመት ልጅ ምንም አልጀመረም። የፋብሪካ ሰራተኛስ? ፋብሪካው ኢላማ ነው፣ ሰራተኛው እዛ ሲገባ አደጋውን ይጋራል፣ ማታ አልጋው ላይ ግን እንደማንኛውም ሰው ነው። አጸፋ የሚባለው ነገር ደሞ መቆሚያ የለውም። የእኛው አገር ታሪክ ላይ እንዳለው 1935 መጨረሻ ላይ ኢጣሊያኖች መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀልን የሕክምና ጣቢያ ቁስለኞቹ ተኝተውበት ሲደበድቡ ሰበባቸው የተማረከ ፓይለታችን ተገደለ የሚል ነበር። የፓይለቱ መገደል ወንጀል ነው፣ ድንኳን ውስጥ የተኛው ቁስለኛ ግን አልገደለውም። 1977 የወጣው የጄኔቫ ስምምነቶች አንደኛ ተጨማሪ ፕሮቶኮል አንቀጽ 51 ሲቪሎችን ማጥቃት፣ ለማሸበር ብሎ ማጥቃት፣ አንድን ከተማ በሙሉ እንደ አንድ ኢላማ ቆጥሮ መደብደብና ሲቪል ላይ አጸፋ መውሰድ ሁሉንም ይከለክላል። አንዱ ወገን ሕጉን ጣሰ ማለት ሌላው ሲቪሎችን ከመጠበቅ ግዴታው ነፃ ወጣ ማለት እንዳልሆነም ይናገራል። አሜሪካን ጨምሮ ፕሮቶኮሉን ያላጸደቁ አገሮች አሉ፣ ሲቪልን ከተዋጊ የመለየት መርህ ግን ፈረሙም አልፈረሙም ሁሉንም ያስራል። ይሄ ሁሉ ከመጻፉ በፊት የናዚ መሪዎች በተዳኙበት ኑረምበርግ ላይ ከተማ በመደብደብ የተፈረደበት አንድም ሰው የለም፣ አሸናፊዎቹም ያንኑ አድርገው ስለነበር እንዴት ብለው ይክሰሱ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ግማሽ፣ ሰው ችላ ወደሚለው። ሆን ብሎ አለመግደል በቂ አይደለም። ሕጉ ሁለት ነገር ይጨምራል፤ ይደርሳል ተብሎ የሚጠበቀው የሲቪል ጉዳት ከሚገኘው ቀጥተኛና ተጨባጭ ወታደራዊ ጥቅም አንፃር ከመጠን ያለፈ መሆን የለበትም፣ ደሞ ጉዳቱን ለመቀነስ የሚቻለው ጥንቃቄ ሁሉ መደረግ አለበት። ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1991 ባግዳድ ውስጥ አሚሪያ የሚባለው መጠለያ በሌዘር በሚመሩ ሁለት ቦምቦች ተመታ። አሜሪካኖች የጦር ማዘዣ መስሏቸው ነበር። ቦምቦቹ አልሳቱም፣ በትክክል የታለመበት ነው የገቡት። ውስጥ ግን ከ400 በላይ ሲቪል ነበር፣ በብዛት ሴቶችና ህፃናት፣ ከድብደባው ሊሸሸጉ ገብተው የተኙ። ስለዚህ «ትክክለኛ መሳሪያ» ሲባል ስትሰማ መጠየቅ ያለብህ ቦምቡ ኢላማውን አገኘ ወይ ብለህ ሳይሆን ኢላማው ምን እንደሆነ ማን አጣራ፣ በምን አጣራ፣ መጨረሻ የታየውስ መቼ ነው ብለህ ነው። ሲጠራጠሩ ደሞ ሰውየው ሲቪል ነው ተብሎ እንዲቆጠር ነው ሕጉ የሚለው።

ጠላት ሕዝብ መሃል ሲደበቅስ? ይደበቃል፣ ያ የሱ ወንጀል ነው፣ አፍ ሞልተህ ልትለው ትችላለህ። ግን ታጣቂ አጠገቡ ስለተቀመጠ ሰውየው ሲቪልነቱን አላጣም፣ ያንተም ጥንቃቄ አልቀረም። እዚህ ላይ ዋልዘር ያለው ነገር ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፣ ወታደሩ የሲቪሉን አደጋ ለመቀነስ ራሱ ላይ የተወሰነ አደጋ ለመውሰድ ፈቃደኛ መሆን አለበት፣ ካልሆነ «አላሰብኩም ነበር» የሚለው ቃል ባዶ ነው። ይሄን ለመኮንኖች መናገር ቀላል አይደለም። አንዱ ተማሪዬ «የኔን ልጆች እናቶች ማን ያነጋግርልኛል» ብሎኛል፣ የኔ ልጆች የሚለው ወታደሮቹን ነው። ጥሩ መልስ አልነበረኝም፣ የሌላኛዋንም እናት የሚያነጋግር ሰው እንደሌለ ብቻ ነው የነገርኩት።

ፓይለቱስ ላልከው፣ ትዕዛዝ ነው ማለት ሕገ ወጥነቱ በግልጽ የሚታይን ጥቃት አያስምርም፣ የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት መመስረቻ ሕግም እንዲሁ ነው የሚለው። ግን ሚዛን ይኑርህ። እንግሊዞች በቦምብ ጣይ ክፍላቸው ውስጥ 55,573 የአየር ባልደረቦች ሞተውባቸዋል፣ ብዙዎቹ ገና የሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያሉ ልጆች ነበሩ፣ በጨለማ በርረው ከታች ምን እንዳለ ሳያዩ የተባሉት ምልክት ላይ ለቀው የተመለሱ። ኢላማውን የመረጠው ቢሮ ውስጥ ያለ ሰው ነው፣ ወቀሳዬም መጀመሪያ ወደዛ ነው የሚሄደው። ልጁ ግን ምንም አይጠየቅም አልልም፣ እያወቀ ባደረገው ልክ ይጠየቃል።

ክፍል ውስጥ የማሰራው አንድ ልምምድ አለ። የአንዲት ትንሽ ከተማ ካርታ እሰጣቸዋለሁ፣ የጠላት ካሚዮኖች የሚያልፉበት ድልድይ አለ፣ ድልድዩ ሕጋዊ ኢላማ ነው፣ በየትኛው ቦምብ፣ በስንት ሰዓት፣ ከየት አቅጣጫ ትመታላችሁ ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙዎቹ ስለ ድልድዩ ውፍረትና ስለ ፀረ አውሮፕላኑ ነው የሚጠይቁኝ። አንድ ዓመት ላይ ከኋላ የተቀመጠ፣ ብዙም የማይናገር መኮንን እጁን አወጣና የከተማዋ የገበያ ቀን መቼ ነው አለኝ። ካርታው ላይ አልጻፍኩትም ነበር፣ አሁንም አልጻፍኩትም። በየዓመቱ እስኪጠይቁኝ እጠብቃለሁ፣ አንዳንዴ የሚጠይቅ ይገኛል።